በኢቨር ከረጢት ውስጥ የተገኘችው ሻንጣ

ለምወድሽ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጀርባሽን ሲወጋሽ የነበረው ተሻለሽ ወይ? ዓይንሽስ? በዚያ በስፌት ቤቱ መብራት ቀልቶ የነበረው ጠራልሽ? ቦነስ አይረስ ሙቀቱ ከብዷል ሲሉ ሰምቼ፣ መስኮት በሌለው ክፍል እንዴት ትተኛ ይሆን እያልኩ ሳስብ ነው የሰነበትኩት። ይህ ወረቀት ጤናሽ ተመልሶ፣ ቁጭ ብለሽ የምታነቢበት ጥቂት ጊዜም ኖሮሽ እንዲያገኝሽ እመኛለሁ። እኛን የጠየቅሽ እንደሆነ ሁላችንም በእግራችን ቆመናል፤ አክስቴ ካሲልዳም፣ ትንሹ ወንድሜ ኢቨርም፣ እኔም። ከናፍቆትሽ በስተቀር ምንም አልሆንንም ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን ይህን ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል።

ደብዳቤውን ይዘውልሽ የሚመጡት የአውቶቡሱ ሹፌር ዶን ኤቫሪስቶ ናቸው። ከወረቀቱ ጋር በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ነገር አለች፤ እባክሽ አንብበሽ ሳትጨርሺ አትፍቻት። በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩ የአክስቴ ስለሆነ፣ ስናወራም አጠገቤ ስለምትቆም ነው። ደግሞ ስልክ ስይዝ አፌ እንደሚተሳሰር አንቺው ታውቂያለሽ። ሁልጊዜ «ደህና ነን» እልሽና ለኢቨር አቀብለዋለሁ፤ ከዚያ ልልሽ የነበረውን ሁሉ ልብስ ሳጥብ ለራሴ እናገራለሁ። ፊደሌ ካስቸገረሽ ይቅር በዪኝ። ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ ብዙ አልጻፍኩም።

ነገሩ የኢቨር ነው። የክርስትና እናቱ ዶኛ ኤዴልፍሪዳ ወደ ሳንታ ክሩዝ ከተማ ሊወስዱት ይፈልጋሉ። አክስቴም ተስማምታለች። የፊታችን እሁድ ደውላ ፈቃድሽን ትጠይቅሻለች፤ «ልጁ ራሱ ነው የጠየቀው» ትልሻለች። እሷ ከመደወሏ በፊት የሆነውን ከኔ እንድትሰሚ ብዬ ነው የቸኮልኩት።

ከልደቱ ልጀምር። ኢቨር ስድስት ዓመት ሞላው። ሁለቱ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ሲስቅ ምላሱ በክፍተቱ ብቅ ትላለች። አክስቴ እንደተለመደው ቀደም ብላ በየቤቱ ዞራ ድግሱን የሚያግዝ ሰው ለመነች። ዳቦ ጋጋሪው የኬክ አባት ሆነ። የፋርማሲዋ ሴትዮ የጄላቲን እናት ሆነች። ከረሜላ ተሞልቶ የሚሰበረውን የወረቀት አህያ ደግሞ የሙዚቃ ቡድኑ መሪ ወሰደ። ለእንግዶቹ ልጆች ለሚታደለው የስጦታ ከረጢት ግን እጁን ያወጣ ጠፋ። ያን ጊዜ አክስቴ ወደኔ ዞራ፣ «በቃ፣ አንቺ ነሽ የከረጢት እናት» አለችኝ። «እኔ?» አልኳት። «አንቺ ነዋ! አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶሽ የለ እንዴ? ወይስ እስክታገቢ ድረስ ከበር ጀርባ ቆመሽ ልትቀሪ ነው?» ጎረቤቶቹ ሁሉ ሳቁ። የሙዚቃ ቡድኑ መሪም፣ «ዛሬ ዮቫና አንድ ቃል ተናገረች፤ በረዶ ሳይጥል አይቀርም» አለ። ፊቴ እስኪጋል ቀላሁ። በሆዴ ግን ደስ ብሎኝ ነበር እማዬ። ከዚያ በፊት በምንም ነገር እናት ተብዬ አላውቅም።

መጀመሪያ ገበያ ወርጄ አየሁ። ፊሽካ አለ፣ ፊኛ አለ፣ የላስቲክ ቀለበት አለ፣ ሲነኩት ቀለሙ እጅ ላይ የሚቀር መኪና አለ። ሁሉም የአንድ ቀን ዕቃ ነው። ሻጯ፣ «ለልጅ ነው እኮ፤ ምን ያመራምርሻል?» አለችኝ። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ልደቱ የዋለው በአላሲታስ ማግስት ነው። እንደምታውቂው በአላሲታስ ገበያ ቀን ሰው ሁሉ የተመኘውን ነገር በትንሹ ገዝቶ በቀትር ያስባርካል። አክስቴም ዓመቱን ሙሉ የሰፋቻቸውንና ያጣበቀቻቸውን ትንንሽ ዕቃዎች ይዛ ወጥታ፣ ያልተሸጠውን በካርቶን መልሳ ከአልጋው ሥር አስገብታዋለች። የልደቱ ዕለት፣ እሁድ ጠዋት፣ ካርቶኑን ስከፍተው ምን ልስጥ ብዬ ስጨነቅበት የሰነበትኩት ነገር ሁሉ እዚያ ነበር። ጣት የማታህል ጆንያ ዱቄት፣ በር ያላት ቤት፣ ላም፣ ምጣድና ማሰሮ፣ ጥንድ ጫማ፣ ከክብሪት ቀፎ የተሠራ ሬዲዮ። ለአክስቴ ነገርኳት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። «አንቺ ልጅ፣ ይህ መጫወቻ አይደለም። በትንሹ የተሰጠ በትልቁ ይመጣል። እንደ ከረሜላ የሚበተን ነገር መሰለሽ?» «አልበትነውም፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አስቤ ነው የምሰጠው» አልኳት። ለካ እንዲህ ያለ ረጅም ነገር ተናግሬያት አላውቅም፤ ትንሽ አየችኝና፣ «እንግዲያው በደንብ አስቢ» ብላ ጎመን መክተፏን ቀጠለች።

እኔም አሰብኩ። የጋጋሪው ትንሹ ልጅ ቤታቸው ዱቄት ሞልቶ ተርፏል፤ ጫማው ግን ሁልጊዜ የወንድሙ ነው። ለሱ ጥንዷን ጫማ ከተትኩለት። ጎረቤታችን ጣሪያቸው የሚያፈሰው ልጅ ቀይ ቆርቆሮ ያላትን ቤት አገኘ። የምትንተባተበዋ ልጅ ሬዲዮውን። ለዚያ የአገሩን ልጅ ሁሉ ለሚነክሰው ደግሞ ውሻ ሰጠሁት፤ ከእንግዲህ ውሻው ይንከስለት ብዬ። ብቻዬን ስቄ ነበር። ለኢቨር የስኳር ጆንያና በሯ የሚከፈት ቤት አደረግሁለት፤ ከቤቷ በር ላይ አንዲት ዶሮ አቆምኩ። ካርቶኑ ውስጥ ሻንጣዎችም ነበሩ። ትንንሽ፣ ቡናማ፣ ከውስጣቸው የአውቶቡስ ቲኬት ያለባቸው። እነሱን አንድም አልነካሁም። አንቺ በሄድሽበት ዓመት አክስቴ ከነዚያ አንዱን በመዳፍሽ ስታኖርልሽ አይቻለሁና።

ከረጢቶቹን ስሞላ አንድ ነገር ገባኝ። በሰው ከረጢት ውስጥ የምታስገቢው፣ ያ ሰው ምን ሆኖ ልታዪው የምትፈልጊውን ነው። ሳትናገሪ ትናገሪያለሽ። ይህን ያነሳሁልሽ በኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

ድግሱ ሲጀመር ቀኑ ብራ ነበር። ልጆቹ የወረቀቱን አህያ መደብደብ እንደያዙ ከተራራው በኩል ጥቁር ደመና ተነሣና በረዶው ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠው ጀመር። ሁላችንም ወደ ቤት ተሯሯጥን። የሙዚቃ ቡድኑ መሪ፣ «አላልኳችሁም! የዮቫና ጣጣ ነው» እያለ ያሾፍብኛል። በዚህ መካከል ነጭ መኪና በራችን ላይ ቆመች። ዶኛ ኤዴልፍሪዳ ናቸው። ኢቨር ክርስትና ከተነሣ ወዲህ በልደቱ መጥተው አያውቁም። ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሣ። የጸሎት ቤቱን ጣሪያ ያሠሩት እሳቸው ናቸውና ማንም ቁጭ ብሎ አይቀበላቸውም። ባርኔጣቸው ላይ በረዶው እንደ ጨው ተጣብቆ፣ «የታለ የኔ ጌታ? ና እስኪ እናትህን ሳማት!» እያሉ ገቡ። ሽቷቸው ቤቱን ሞላው። ኢቨር ሮጦ ሄደ። ትከሻውንና ክንዱን በሁለት እጃቸው ጫን ጫን አድርገው፣ «ጠንክሯል! ጎሽ! ጠንክሯል!» አሉ። ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ያን ጊዜ ፍቅር መስሎኝ ነበር።

ጄላቲን ስታድል የነበረችው ኖርካ ነበረች፤ የጋጋሪው ልጅ። አንቺ ስትሄጂ እሷ ገና ሳንታ ክሩዝ ነበረች። በልጅነቷ ዶኛ ኤዴልፍሪዳ ሊያስተምሯት እንደወሰዷት ታስታውሺያለሽ፤ እሷንም ክርስትና ያነሧት እሳቸው ናቸው። አምና ተመልሳለች። ለምን እንደተመለሰች ማንም አይናገርም፤ አባቷ «ውለታ የማታውቅ ሆና ነው» ይላል። ኖርካ መኪናዋን በመስኮት ስታይ ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ ቀስ ብላ አስቀመጠችና፣ ፎጣ እንኳ ሳትደርብ በጓሮ በር ወጥታ በበረዶው ውስጥ ሄደች። ወዲያው ማንኪያውን እኔ አንሥቼ ማደል ጀመርኩ። ገርሞኛል፤ ግን አልጠየቅሁም።

በመጨረሻ ከረጢቶቹን አደልኩ። እማዬ፣ ያቺን ደቂቃ ብታዪልኝ! ጫማ ያገኘው ልጅ በሁለት ጣቱ ጠረጴዛው ላይ ያስኬዳታል። የምትንተባተበዋ ሬዲዮውን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ «ዝም በሉ፣ ዜና ነው!» አለች፤ ምንም ሳትንተባተብ። ተናካሹ ልጅ ውሻውን ከነከሰው በኋላ ኪሱ ከተተው። ኢቨር ከሁሉም ኋላ ከፈተ። ስኳሩን አወጣ፤ ቤቷን አወጣ፤ ዶሮዋን አወጣ። ከዚያ አንዲት ቡናማ ሻንጣ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አቆማት።

የመጀመሪያዋ ያየቻት አክስቴ ናት። «ይህን ማን ከተተው?» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ሆነ። ሰው ሁሉ ወደኔ አየ። እኔ አይደለሁም ልል ነበር። ኢቨር ግን እየሳቀ፣ «እኔ ነኝ! አላሲታስ ዕለት አስባርኬያታለሁ፤ ዶን ቶሪቢዮ ጢስ አድርገውላታል፤ ወይን ጠጅም ረጭተውላታል» አለ። እውነት ነው፤ በዚያ ቀትር ከአክስቴ ድንኳን ጠፍቶብኝ፣ ፈልጌ ፈልጌ ከመራቂው ሽማግሌ ከዶን ቶሪቢዮ ሰልፍ ውስጥ ነበር ያገኘሁት። እጁን ጨብጦ አልፈታም ብሎኝ ነበር።

ዶኛ ኤዴልፍሪዳ እጃቸውን አጨበጨቡ። «አያችሁልኝ? አያችሁልኝ ወይ? እኔ ገና አፌን ሳልከፍት ልጁ ጠየቀ!» ሹፌራቸውን ጠሩት። ከመኪናው ቀይ ሻንጣ አውጥቶ አመጣ፤ እውነተኛ፣ የልጅ ልክ፣ ጎማ ያለው። «ለትምህርት ቤት ልወስደው ነው የመጣሁት። ሳንታ ክሩዝ ትልቅ ቤት አለኝ፤ ልጅ ግን የለበትም። እምቢ ትሉኛላችሁ ብዬ ስፈራ ነበር፤ እሱ ግን ከናንተ ቀድሞ እሺ ብሎኛል።» ጋጋሪው ባርኔጣውን አወለቀ። አንዷ ጎረቤት ደረቷ ላይ አማተበች። ትንሿ ሻንጣ ወጥታ ገና ሳትቀዘቅዝ ትልቋ ደረሰች፤ ማን ምን ይላል? አክስቴ ወንበሩን ተደግፋ፣ «እንግዲህ መልሱ ከኔ በፊት ከመጣ እኔ ምን ቃል አለኝ» አለች። ኢቨር ቀዩን ሻንጣ እየጎተተ ቤቱን ይዞረው ጀመር፤ ጎማው ንጣፉ ላይ ሲንኳኳ ልጆቹ እየተከተሉት ይስቃሉ።

ዶኛ ኤዴልፍሪዳ የፊታችን ሰኞ የሚውለው የካንደላሪያ በዓል እንዳለፈ ትምህርት ሳይጀመር ተመልሰው እንደሚወስዱት ተናግረው ሄዱ። ለአክስቴም፣ «የእናቱን ቃል ብቻ አምጪልኝ፤ በኋላ እንዳትወቅሰኝ» ብለዋታል።

በማግስቱ አክስቴን ለመንኳት። እሷንም አትቀየሚያት እማዬ፤ ማብሰያው ላይ አጎንብሳ ስታለቅስ ነው ያገኘኋት። «ለኔስ ቢሆን ቀላል ነው? እጄ ላይ አድጎ!» አለችኝ። «ግን በትንሹ መጥቶ፣ ተባርኮ፣ በትልቁ የደረሰን ነገር እምቢ ያለ ሰው ምን እንደሚደርስበት አያታችሁን ጠይቂ እልሽ ነበር፤ ሞተች እንጂ። በኔ ቢደርስ ግድ የለኝም። በልጁ ላይ ቢደርስስ?» እውነቷን ነው የምትፈራው። ከፍርሃት ጋር እንዴት እንደሚከራከሩ አላውቅም፤ እኔ ራሴ ፈሪ ስለሆንኩ ይሆናል።

ከዚያ ቀዩ ሻንጣ ትዝ አለኝ። የከረጢት እናት ሆኜ የተማርኩትን ነግሬሻለሁ፤ ሰው በከረጢት ውስጥ የሚያስገባው የሚፈልገውን ነው። ዶኛ ኤዴልፍሪዳ በኢቨር ሻንጣ ውስጥ ምን አስገብተዋል? አክስቴ ገበያ ስትወጣ ከአልጋው ሥር ሳብኩትና ዚፑን ከፈትኩ። ደብተር ይኖራል ብዬ ነበር። እርሳስ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ የትምህርት ቤት ካባ። ምንም የለም። ሰፊ የላስቲክ ሽርጥ አለ፤ ለትልቅ ሰው ተሠርቶ ከታች በመቀስ ያጠረ። ከሥሩ ቢጫ የላስቲክ ቦቲ አለ፤ የልጅ ቁጥር፣ አዲስ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው። ለረጅም ጊዜ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አየኋቸው። ዝናብ የማይጠፋበት አገር ይሆናል አልኩ። ልጅ ኩሬ ስለሚወድ ይሆናል አልኩ። ልቤ ግን አልተቀበለውም።

ወደ ዳቦ ቤቱ ሄድኩ። ኖርካ ከጓሮ የዳቦ ትሪ ታጥብ ነበር። እኔም እሷም ወሬ አንችልም፤ ስለዚህ አንድ ትሪ አንሥቼ አብሬያት አጠብኩ። ከዚያ፣ «በኢቨር ሻንጣ ውስጥ ቦቲ አገኘሁ» አልኳት። እጇ ቆመ። «ቢጫ ነው?» አለችኝ። «ቢጫ ነው።» «የኔም ቢጫ ነበር።» ትሪውን ገለበጠችና እንደገና የታጠበውን ማጠብ ጀመረች። «ለምንድን ነው?» አልኳት። «እሳቸው ዶሮ የሚያሳርዱበት ወለል ነው። ሁልጊዜ እርጥብ ነው» አለችኝ። ትምህርት ቤቱስ ብዬ ጠየቅኋት። በከንፈሯ ብቻ ፈገግ አለች። «ትልቅ ሰው ላባ ሲነጭ ትንሽ እጅ የዶሮውን ሆድ ያጸዳል፤ እጅሽ ሲያድግ ይመልሱሻል።» እጇን አየሁት እማዬ፤ ጣቶቿ ላይ ያለው ጠባሳ እንደ ክር ነው። «ይመታሉ?» አልኳት። «አይ፣ አይመቱም። በሩን ይቆልፉብሻል እንጂ።» አባቷ ከውስጥ፣ «ኖርካ! ምላስሽን ትተሽ ትሪውን አምጪ!» ብሎ ጮኸ። ትሪዎቹን አንሥታ ገባች። ከበሩ ሳትደርስ ዞር ብላ፣ «መኪናው ውስጥ ሲገባ ከረሜላ ይሰጡታል፤ አያለቅስም» አለችኝ።

እያለቀስኩ ቤት ስገባ ኢቨር ቦቲውን አውጥቶ አድርጎት ነበር። ዚፑን ሳልዘጋው ሄጄ ኖሯል። ከበረዶው የቀረውን ውኃ በግቢው ውስጥ ይረግጣል። «ኢቨር፣ ና» አልኩት። «ሻንጣዋን ለምን ወሰድካት? ከዶኛ ኤዴልፍሪዳ ጋር መሄድ ፈልገህ ነው?» እንደ ሞኝ አየኝ። «የኔ አይደለችም እኮ» አለኝ። «የማን ናት ታዲያ?» «የእማዬ ናት። ስትሄድ ሻንጣ ሰጧት፤ ለመምጫስ ማን ሰጣት?»

«ለዶን ቶሪቢዮ ስሟን ነግሬያቸዋለሁ» አለኝ ቀጥሎ። «ጆሯቸው አይሰማም፤ ሁለት ጊዜ ነው ያስደገሙኝ። ከዚያ በስሟ ጢሱን አዞሩት።» «ከረጢትህ ውስጥስ ምን ትሠራለች?» አልኩት። ይህን ሲመልስልኝ ድምፁ ቅያሜ ነበረው። «አንቺ ለሁሉም ሞልተሽ ለእማዬ አልሞላሽላትም። ስለዚህ የኔ ውስጥ አስቀመጥኩላት።»

በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ልጁን የጠየቀው አልነበረም። አይተው ተረጎሙት እንጂ።

ለአክስቴ ነገርኳት፤ ሽርጡንም አሳየኋት። ሽርጡን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ግን «የቤት ሥራ ማገዝ ነውር አይደለም» አለች። የኢቨርን ቃል ስነግራት ደግሞ፣ «ልጅ የነገሩትን ነው የሚደግመው፤ አንቺ ነሽ ያስጠናሽው» አለችኝ። ዶን ቶሪቢዮ ይመስክሩ ብዬ ቤታቸው ሄድኩ፤ ለሌላ ከተማ በዓል ወጥተዋል፤ ከካንደላሪያ በፊት አይመለሱም።

ስለዚህ የቀረሽው አንቺ ነሽ። እሁድ አክስቴ ስትደውል ስለ ትምህርት አትከራከሪያት፤ ስለ ዶኛ ኤዴልፍሪዳም ክፉ አትናገሪ፤ ጆሮዋን ትዘጋለች። አንድ ነገር ብቻ በያት። «ሻንጣዋ በኔ ስም ነው የተባረከችው፤ አሁን በእጄ ናት፤ የምጓዘው እኔ ነኝ» በያት። ይህን ካልሽ አክስቴ ኢቨርን ለማንም አትሰጥም፤ ያንቺን መንገድ ለሌላ ሰው መስጠትን ከምንም በላይ ትፈራለች። ውሸት እንዳይሆንብሽ ብዬ ነው ሻንጣዋን ከደብዳቤው ጋር የላክኋት። ዛሬ በቀትር፣ ኢቨር በእጁ ለኔ ሰጠኝ፤ እኔም ላንቺ ብዬ ጠቀለልኳት። የከረጢት እናት ነኝና መስጠቱ የኔ ነው፤ ያንቺ ከረጢት ሳይሞላ ቀርቶ ነበር፤ አሁን ሞልቼዋለሁ።

ዶን ኤቫሪስቶ ቅዳሜ እደርሳለሁ ብለዋል። ግን ዝናቡ አላባራም፤ ከታች ያለው ድልድይ አንድ ወገኑ ተቦርቡሯል ይላሉ፤ ተሳፋሪ አውርደው ነው የሚያሳልፉት። ዛሬ ጠዋት ነጯ መኪና በዋናው መንገድ ስታልፍ የፋርማሲዋ ሴትዮ አይቻታለሁ ብላለች፤ ገና ጊዜው ሳይደርስ ለምን እንደመጡ ማንም አያውቅም። አውቶቡሱ ከዘገየ፣ አንቺም ሳታውቂ በስልክ እሺ ካልሽ፣ ምን እንደማደርግ አስቤያለሁ። ብዙ ጉልበት የለኝም። አፍም የለኝም። ግን ሲመጡ በሩ ላይ እቆማለሁ። ከበሩ ጀርባ አይደለም፤ በሩ ላይ።

አለቃችሁ ሥራው ሳያልቅ አትሄጂም እንደሚልሽ አውቃለሁ። ብትችዪ ግን ነይ። እንድትልኪልን የምንፈልገው ነገር የለም፤ አንቺው ነይልን።

ክፍል ለምትጋራሽ ለጓደኛሽ ለዴሜትሪያ ሰላም በዪልኝ፤ የላከችልኝ የፀጉር ማሰሪያ እስካሁን አለኝ። ጨርቅ ለሚቆርጡት ሽማግሌም፣ ምግብ ለምታበስልላችሁ ሴትዮም፣ ለትንሿ ልጇም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አክስቴ ይህን መጻፌን አታውቅም፤ ብታውቅ ግን ሰላም በያት እንደምትለኝ እርግጠኛ ነኝ፤ ዛሬም ሳህንሽን ከሌሎቹ ጋር አጥባ ስታስቀምጥ አይቻታለሁ። ኖርካም ሰላም ብላሻለች፤ ስትመጪ ዳቦ በሙቁ እሰጣታለሁ ብላለች። ኢቨር አሁን ይህን ስጽፍ ግቢው ውስጥ ነው፤ ቦቲውን አውልቅ ብለው እምቢ ብሎኝ የሚረግጠው ኩሬ እዚህ ድረስ ይሰማኛል።

አሁን ጨርቁን ፍቺው። በሻንጣዋ ውስጥ ከቲኬቱ ሥር አንዲት የልብስ ቁልፍ ታገኚያለሽ፤ ከሰማያዊ ሹራብሽ የወደቀች ናት፤ ኢቨር እስከ ዛሬ ደብቋት ነበር። እንዲህ ብለሽ ጻፊላት አለኝ፦ «ሻንጣዋ ትንሽ ናት። ብዙ ልብስ አይያዝባትም። ሌላውን እዚያው ትተሽ ነይ።»

ልጅሽ ዮቫና

ቺያርካላ፣ ጃንዋሪ 28 ቀን፣ ረቡዕ